ያለ ሶዳ የተላጠ ሰሊጥ፤ ከመተማ እስከ ፋው

ሱዳን ደርሶ የመጣ ሰው ሽቶ ወይም ጨርቅ ይዞ ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል። እኔ ባለፈው ጥቅምት ይዤ የመጣሁት የሻገተ ፉርሽካ የተዘፈዘፈበት ውሃ ነው። መተማ ዮሐንስ ውስጥ ይህን ያልሰማ የለም። ነገር ግን ሁሉም የሰማው በየራሱ መንገድ ስለሆነ፣ አንዳንዱም ሱዳን ውስጥ ዶካ ኬላ ላይ አስገርፎ፣ አንዳንዱም ባለፋብሪካ አድርጎ ስላወራኝ፣ አንድ ጊዜ ጽፌ ብገላገል ይሻላል አልሁ። በዚያውም ጎንደር ተቀምጣችሁ ገዳሪፍን በስም ብቻ ለምታውቁ ዘመዶቼ መንገዱን ላሳያችሁ።

የሄድሁት ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ዘይነብ ብዬ ነው። ባሏ ሲሞት የተወላት አንዲት የሰሊጥ መላጫ ቤት ብቻ ናት። የሰሊጥን ገለፈት እኛ ዘንድ የምናነሳው በሶዳ ነው፤ ሳሙና በሚሠራበት፣ ቆዳ ላይ ሲያርፍ በሚያቃጥለው በነጩ ሶዳ። ሰሊጡ በሶዳ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ገለፈቱ ይሟሟል፣ ከዚያ ሶዳው እስኪለቅ ደጋግሞ ይታጠባል። እጣቢው እንደ ቀለም ጠቁሮ፣ እንደ ሳሙና እያንሸራተተ በቦዩ ወደ ታች ሰፈር ይወርዳል። የታች ሰፈር ሰዎች ደግሞ በወንዙ ዳር ባሚያና ቃሪያ ይተክላሉ። አምና ባሚያው ቆሞ ደረቀ። ዘንድሮ የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ማሩ ሰዎች አስከትለው መጡና፣ አዲሱ ሰሊጥ ሳይገባ ወይ ውሃውን አስተካክይ ወይ ቤቱን ዝጊ ብለዋት ሄዱ። ሳይቆጡ ነው የተናገሩት። እኛን ያስፈራን እሱ ነው።

ሶዳውን የማቀርብላት እኔ ነኝ። ይህን የምናገረው ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግራችሁ ብዬ ነው። ገዳሪፍ ሱቅ ያለው የጎንደር ልጅ፣ ወዳጄ ከድር፣ ፋው በምትባል የሱዳን ከተማ ሰሊጥን ያለ ሶዳ የሚልጡ ሰዎች አሉ፣ ገዢም ይሻማበታል ብሎ በስልክ ሲነግረኝ፣ እንደ ነጋዴ አላመንሁትም። እንደ ወንድም ግን ልብሴን በሻንጣ ከተትሁ።

ሰኞ

ከመተማ ዮሐንስ ወደ ጋላባት መሻገር ለማያውቀው ሰው አገር መለወጥ ነው፤ ለእኛ ድልድይ ማለፍ ነው። ወዲህ ሻይ በብር ትጠጣለህ፣ ወዲያ በጊኔ። ልዩነቱ የሚታወቀው ስኳሩ ላይ ነው፤ ሱዳኖች ብርጭቆውን በስኳር ሞልተው ትንሽ ሻይ ጠብ ያደርጉበታል።

እትዬ ዘይነብ እስከ ድልድዩ ሸኘችኝ። በጨርቅ የቋጠረችውን የራሷን ሰሊጥ እጄ ላይ አስቀመጠችና፣ በሌላ ሰው ሰሊጥ እንዳይሸውዱህ፣ በዚህ ያሳዩህ አለችኝ። በቤታችን ነጋዴ የምባለው እኔ ነኝ፤ ይህን ግን እኔ አላሰብሁትም ነበር።

ጋላባት ወረቀቴን የተቀበለው ሰውዬ ምን ልትነግድ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ልማር ነው ስለው ፊቴን ትኩር ብሎ አየና ለጓደኛው ጠቁሞ አሳየኝ። በእኔ ዕድሜ ልማር ብሎ የሚሻገር ሐበሻ አይቶ የሚያውቅ አይመስልም። አላህ ይርዳህ ብሎ ማኅተሙን መታልኝ። ሌላ ጊዜ ንግድ ነው ስል ሻንጣዬን እስከ ካልሲዬ ይፈትሹት ነበር።

አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ገና ሞተሩ ሳይነሳ ብስኩት ዘረጉልኝ። አይ፣ ጠግቤያለሁ አልሁ፣ እንደ አገሬ ልማድ፤ ሁለተኛ ሲሉኝ ልቀበል አስቤ። ሱዳን ውስጥ እንዲህ ያለው ሥነ ሥርዓት አይሠራም። ሴትዮዋ ጭኔ ላይ አስቀመጡትና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ነገሩ አለቀ።

ስለ መሬቱ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ጎንደር ውስጥ ዓይን የትም ቢሄድ የሚደገፍበት ተራራ አያጣም። ከጋላባት ወደ ገዳሪፍ ያለው ሜዳ ላይ ግን ዓይን ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ተመልሶ አይመጣም። ጥቁር አፈር፣ ማሽላ፣ ሰሊጥ፣ ደግሞ ማሽላ። ትራክተሩ ከሩቅ ሲታይ ጉንዳን ነው። የእኛን የመተማን እርሻ ሰፊ እያልሁ ለጎንደር ሰዎች ማውራቴ ትዝ ብሎኝ አፈርሁ።

ገዳሪፍ ስትገባ መጀመሪያ የሚታይህ የእህል ጎተራው ነው፤ ጎንደር ስትገባ ግንቡ እንደሚታይህ። የእኛዎቹ ነገሥታት ግንብ ለራሳቸው ሠሩ፣ እነዚህ ለማሽላ ሠሩ። የትኛው እንደሚበልጥ አልፈርድም።

ከድር ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ወሰደኝ። ልጆቹ በአማርኛ ጀምረው በዐረብኛ ይጨርሳሉ፤ እናታቸው በዐረብኛ ትቆጣና በአማርኛ ትመርቃለች። እራት አሲዳ ነበር፣ በደረቅ ባሚያ መረቅ። አሲዳ ገንፎ ነው። እኛ ግን ገንፎውን አጎድጉደን ቅቤውን መሃል እናስቀምጣለን፤ እዚህ ገንፎው ራሱ በመረቅ ተከቦ እንደ ደሴት ይቀመጣል። በልቼ ጠገብሁ፣ እንደገና አቀረቡልኝ፣ እንደገና በላሁ። የአውቶቡሷ እናት አስተምረውኝ ነበር።

ማክሰኞ

ፋው ከገዳሪፍ ወደ ምዕራብ ነው። የተሳፈርሁባት ሚኒባስ መንገድ ላይ ጎማዋ ፈነዳ፣ ትርፍ ጎማዋም የባሰባት ሆና ተገኘች። አገራችን ቢሆን ሾፌሩ ይሰደባል፣ ረዳቱ ይሰደባል፣ ባለመኪናው በሌለበት እስከ አያቱ ይሰደባል። እዚህ ሰው ሁሉ ወርዶ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ሸማውን አነጠፈና ጋደም አለ። እኔ ብቻ ቆሜ ሰዓቴን አየሁ። አንድ ገበሬ ከማሽላው ውስጥ ወጥተው፣ ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ተቀመጥ፣ ሰዓትህ ጎማ አይነፋም አሉኝና ቀዝቃዛ ውሃ በቅል ሰጡኝ። ተቀመጥሁ።

ፋው ስንደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። እዚያ ያለው ውሃ በቦይ የሚሄድ ውሃ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ሰፊ፣ ሳይቸኩል ሜዳውን የሚያቋርጥ። ውሃ እንደ ተማሪ ተሰልፎ ሲሄድ መጀመሪያዬ ነው። የእኛ ወንዝ በክረምት ያብዳል፣ በበጋ ይጠፋል። ቆሜ አየሁት፤ አፌ መከፈቱን ያወቅሁት ትንኝ ሲገባበት ነው።

ፋብሪካው ተዘግቶ ስለነበር ማደሪያ ሎከንዳ የት ነው ብዬ መንገድ ላይ ጠየቅሁ። የጠየቅኋቸው ሽማግሌ ማንን ፈልገህ ነው አሉኝ። የሰሊጥ ፋብሪካውን ባለቤት፣ ስማቸውን ከድር የነገረኝን ሐጅ ባቢከርን አልሁ። ሽማግሌው ተቆጡ፤ እንግዳዬ ሆነህ ሎከንዳ ትጠይቃለህ ብለው። ሐጅ ባቢከር ራሳቸው ነበሩ። ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቀው ፊት ፊት ሄዱ። በዚያች ሌሊት ግቢያቸው ውስጥ በገመድ አልጋ ላይ ተኛሁ፤ ለምን እንደመጣሁ እስክበላ፣ እስክጠጣና እጄን እስክታጠብ ድረስ አንድም ሰው አልጠየቀኝም።

ረቡዕ

ፋብሪካ ሲባል ጭስና ጩኸት ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ኖራ የተቀባ አዳራሽ፣ በርሜሎችና አንዲት መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት ነው። የሐጅ ልጅ ናት፣ ኢህሳን። ዩኒቨርሲቲ ተምራ የመጣች መሐንዲስ ስለሆነች ሁሉም ባሽሙሐንዲሳ ይላታል፤ አባቷም ሲያሾፉባት እንዲሁ ይሏታል።

መጀመሪያ አንድ የተቆለፈ ክፍል ከፈተችልኝ። ውስጡ ሞቃት ነው፣ የረጠበ ሣር ይሸታል። በመደርደሪያ ላይ ሰፋፊ ትሪዎች፣ በትሪዎቹ ላይ የስንዴ ፉርሽካ፣ በፉርሽካው ላይ ሻጋታ። ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ሻጋታ፣ እንደ ከሰል ዱቄት የተነሰነሰ። እኛ ቤት እንጀራ ላይ ይህን ያየች ሴት ጎረቤት ሳያያት ነው የምትደፋው። እነዚህ በቁልፍ ዘግተው ይጠብቁታል።

እንዳትስቁ፣ የነገረችኝን እንደገባኝ ነው የምጽፈው። ሻጋታ ጥርስ የለውም። የሚበላውን በምራቁ አሟሙቶ ነው የሚመጠው። ሰሊጥና ገለፈቱ እንደ ሙጫ ባለ ነገር ተጣብቀዋል፤ የዚህ ሻጋታ ምራቅ ሙጫውን ያሟሟል፣ ሰሊጡን ግን አይነካውም። ስለዚህ ሻጋታውን በፉርሽካ ይቀልቡታል፣ ፉርሽካውን ያደርቁታል፣ ሲፈልጉ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ምራቁን ያወጡና ያጠሩታል። ስሙ ኢንዛይም ነው አለችኝ። እኔም ብቅል ትዝ አለኝ። ጠጪ ባልሆንም ጎንደር አድጎ ብቅልን የማያውቅ የለም፤ ገብስ በቅሎ ሳይፈላ፣ ስኳር ሳይገባበት፣ በራሱ ይጣፍጣል። ይህን ስነግራት ደስ አላት። አዎ፣ እሱም ኢንዛይም ነው፣ እናንተ ስሙን ሳትጠይቁ ስትሠሩበት ኖራችኋል አለች።

ከዚያ ወዲያው ጣቷን አነሳችብኝ።

"ያ ዓም ሰዒድ፣ አጎቴ፣ ሻጋታ ሁሉ አንድ አይደለም። ይህን ከዩኒቨርሲቲ መርጠው ነው የሰጡን። አገርህ ገብተህ የሻገተ እንጀራ እንዳትዘፈዝፍ፣ ሰው ትመርዛለህ።"

እኔም በዚያው ሰዓት የሻገተ እንጀራ በመተማ በነጻ ስንት እንደሚገኝ እያሰላሁ ነበር። ይህች ልጅ መነጽሯ ሆድ ውስጥ ያሳያታል።

የእህቴን ሰሊጥ ሰጠኋት። ለብ ባለ፣ ሕፃን በሚታጠብበት ዓይነት ውሃ ውስጥ ከፉርሽካው ጭማቂ ጋር ዘፈዘፈችው። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሶዳ ቢሆን አንድ ሻይ ጠጥተህ እስክትነሳ ሥራውን ይጨርስ ነበር፤ ይህ ቁርስ አለፈ፣ የዙህር ሶላት አለፈ፣ ገና ነው። ሐጅ ባቢከር አጠገቤ ተቀምጠው፣ ልጃቸው ይህን ስትጀምር ሻጋታ ልታበላን ነው ብለው ግቢውን ሙሉ ሲጮኹ እንደነበር አጫወቱኝ። አሁን ሐሳቡ የእርስዎ ነበር ወይ ስላቸው፣ ጥምጣማቸውን አስተካክለው፣ በከፊል አሉ። ኢህሳን ከበርሜሉ ማዶ ሳቋን ዋጠች።

አንተስ ምን ትነግዳለህ አሉኝ። ሰሊጥ፣ እና ሶዳ አልሁ። ሐጁ እስኪያስላቸው ሳቁ።

"ነብሩ የበጎቹን ጤና ሊጠይቅ መጣ!"

ከሰዓት በኋላ ኢህሳን ጭልፋ ሰሊጥ አውጥታ መዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝ። እሽው አለችኝ። በሁለት ጣቴ አንዷን ፍሬ ነካ ሳደርጋት ቡናማ ልብሷን አውልቃ ነጭ ሆና ቀረች። ሌላዋን ነካሁ፣ እሷም። አላቃጠለኝም፣ አላንሸራተተኝም፣ አልሸተተኝም። ሕይወቴን በሙሉ ሰሊጥ ስገዛና ስሸጥ ኖሬ፣ ሰሊጥ እንዲህ በእሺታ ሲላጥ አይቼ አላውቅም። ሱብሃነላህ አልሁ። ዓይን የማያየው ነገር፣ እጅ የሌለው፣ እሳት የሌለው፣ ዝም ብሎ ውሃ ውስጥ ቁጭ ብሎ እኛ በመርዝ የምንሠራውን ሠራው።

ነጋዴውን ልቤን የነካው ግን የቀረው ነው። ገለፈቱ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይነሳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ለከብት መኖ ይሸጣል። ውሃው በቦይ ወጥቶ ሐጅ ባቢከር ለፍየሎቻቸው የዘሩትን በርሲም የተባለ ለምለም ሣር ያጠጣል። ሣሩ መሃል ገብቼ ቆምሁ፤ እስከ ጉልበቴ ነው። እኛ ዘንድ እጣቢው ሰው ያጣላል፣ እዚህ ቆሻሻው ራሱ ገዢ አለው። እትዬ ዘይነብ ይህን ሣር ብታየው ብዬ አሰብሁ፤ እውነቱን ለመናገር ጋሽ ማሩ ቢያዩት ብዬም አሰብሁ።

ሐሙስ

ሐጅ ባቢከር አንድ ከረጢት የደረቀ ፉርሽካ ሰጡኝ። ዋጋውን ስጠይቅ እንደ ማክሰኞው ሊቆጡ ሲሉ አየኋቸውና እጄን ከኪሴ አወጣሁ። ኢህሳን ሙቀቱን፣ ሰዓቱን፣ ማጥራቱን ደጋግማ አስጠናችኝ። ሲያልቅ በከድር በኩል እልካለሁ፣ እህትህ ስትለምድ መጥቼ ክፍሉን አሠራታለሁ አለች። አንድ ነገር ግን አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ፤ ደረቅ እንደሆነ ይግባ፣ ውሃ የሚነካው አገርህ ስትደርስ ነው።

ገዳሪፍ ከድር ቤት እንደደረስሁ ማሰብ ጀመርሁ። የኔ ችግር ሁልጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ጥቁር ዱቄት የሞላው ከረጢት ይዤ በየኬላው ሳልፍ ምን ይሉኛል? ወታደር ዱቄት ሲያይ እጁን ይከታል፣ ይቀምሳል፣ ይደፋል፣ ሐሺሽ ነው ይላል። የጀሪካን ውሃ ግን ማን ይጠይቃል? መንገደኛ ሁሉ ጀሪካን ይዟል። ስለዚህ ፉርሽካውን ሙሉውን ጀሪካን ውስጥ ጨምሬ ውሃ ሞላሁበት። ረዳቶች ጭነት ሲወረውሩ እንዳይፈስ ብዬ ክዳኑን በአሮጌ የጎማ ላስቲክ ጠፍሬ አሰርሁት። ከድር ገበያ ነበር፤ ቢኖር ኖሮ አንድ ቃል ይለኝ ነበር። ማታ መጥቶ ሲያየው፣ ምንድን ነው አለ። ነገርሁት። ራሱን ነቀነቀና፣ ጎበዝ ነህ አለኝ። አባባሉን ያኔ አላስተዋልሁትም።

ዓርብ

አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ፣ በጥቅምት ፀሐይ፣ ጀሪካኔ ተቀመጠ። ዶካ አጠገብ ያለው ኬላ ስንደርስ አንድ ፖሊስ ጭነት ሊያይ ወጣ። ከላይ፣ ይህ ያበጠው የማን ነው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሰው ሁሉ ተያየ። ያበጠ ነገር የለኝም ብዬ እኔም እንደ ሰው አንገቴን አሰገግሁ። ከዚያ ላስቲኩን ፈታው መሰለኝ፣ እንደ ጥይት ጮኸ። ክዳኑ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ፣ ቡናማ አረፋ በመስኮቶቹ ላይ ወረደ። አንዲት ሴትዮ የሱዳን ሴቶች እንደ ነጠላ የሚጠቀለሉበትን የረጠበ ቶባቸውን አፍንጫቸው ዘንድ ወሰዱና ፈረዱብኝ፤ ወላሂ መሪሳ ነው አሉ።

መሪሳ የማሽላ ጠላ ነው። በሱዳን ሕግ ክልክል ነው፣ ይደፋል፣ ያስገርፋል። ደግሞም እዚያ አገር ሐበሻና ጀሪካን አንድ ላይ ሲታዩ ሌላ ነገር የሚያስብ ፖሊስ የለም፤ ብዙ ምስኪን ሴቶቻችን በዚሁ ተከሰዋል። ከዱቄቱ ጣጣ ሸሽቼ የደረስሁት እዚህ ላይ ነው። ከድር ጎበዝ ያለኝ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

የኬላው አለቃ ሻዊሽ ኢድሪስ ይባላሉ፤ እኛ ሃምሳ አለቃ የምንለው ናቸው። ረጅም፣ ዝግተኛ፣ መቁጠሪያ ከእጃቸው የማይለይ ሰው። ወረቀቴን አዩ፣ ጀሪካኑን አሸተቱ።

"ስምህ ሰዒድ ነው፣ መልካም። የጀሪካንህ ስም ግን ሙስሊም አይመስልም።"

ሰሊጥ መላጫ ነው አልሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ሳቅ ሆነ። ኢህሳን ዘንድ ደወልሁና ስልኩን ሰጠኋቸው። ጨዋ ሆነው እስከ መጨረሻው ሰሟት፣ መለሱልኝና፣ ልጅቷ የተማረች ናት፣ ነገር ግን ስልክ አያሸትም አሉ። ልጅ ፖሊሶቹን ድፉት ብለው አዘዙ። አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ።

ግማሹ ፈስሷል። የቀረው ከተደፋ እትዬ ዘይነብ ዘንድ ባዶ እጄን ነው የምገባው፤ ገዳሪፍ ተመልሼ፣ ፋው ሄጄ፣ ሌላ ለምኜ እስክመጣ አዲሱ ሰሊጥ ይገባል፣ ጋሽ ማሩም ቃላቸውን አያጥፉም። ጀሪካኑ ላይ ሁለት እጄን ጫንሁ። ደግነቱ፣ ፖሊስ ፊት እንዲህ ማድረግ ነውር መሆኑን የረሳሁት ለዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

"ሻዊሽ፣ እህቴ ባሏ ሞቶባታል። ያላት አንድ ቤት ነው፣ እሱም ሊዘጋባት ነው። አንድ ብርጭቆ ይስጡኝና እዚሁ ፊትዎ ሰሊጥ ልላጥበት። ካልተላጠ እኔንም ከጀሪካኑ ጋር ይድፉኝ።"

 መቁጠሪያቸው ጥቂት ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በኬላው ጥግ ሻይ የምትሸጠውን ሴት ጠርተው፣ ሰሊጥ አለሽ ወይ አሏት። ለጣፋጭ የምታስቀምጠውን አመጣች። በሻይ ብርጭቆ ከዚያ አረፋ ቀዳሁ፣ ሰሊጡን ጨመርሁ፣ ለብ እንዲል ፀሐይ ላይ አስቀመጥሁት። ሻዊሹ፣ እስከ ተሲያቱ የዐስር ሶላት ድረስ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ነው አሉ።

እንዲህ ያለ እስር አላየሁም። ጁምዓ ሲደርስ አብረን ሶላት ቆምን፤ አሳሪዬ ከፊቴ፣ እኔ ከኋላቸው። ምሳ ሲቀርብ አንድ ትሪ ነው፣ ፉል በሰሊጥ ዘይት፣ ሽንኩርትና ነጭ አይብ። ራቅ ብዬ ስቀመጥ ሻዊሹ ተቆጡኝ፤ በወንጀል ተጠርጥረሃል እንጂ በረሃብ አልተፈረደብህም አሉ። በላሁ። አገራችን ፖሊስ ጣቢያ ምሳ በልተህ ብትወጣ የከፈለልህ ዘመድህ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ወጣት ፖሊስ እየሄደ ብርጭቆዋን ይጠብቃታል፤ ዝንብ እንዳይገባባት በቆቡ ከደናት። ቀስ በቀስ ሁሉም በየምክንያቱ በዚያ በኩል ማለፍ ጀመረ። ሻይ ሻጯ በሰሊጤ አፈርሁ እንዳልል እያለች በሩቁ ዱዓ ታደርጋለች።

እኔ ግን ተስፋ አልነበረኝም። ኢህሳን ውሃ አታስነካው ያለችውን አስነክቼ፣ አስፈልቼ፣ በጣሪያ ላይ አስቀቅዬ፣ ያ ምራቅ ይኑር አይኑር ምን አውቃለሁ?

ዐስር ሲቃረብ ሻዊሹ መጡ። ብርጭቆዋን አዘንብለው ውሃውን አጠለሉ፣ ሰሊጡን መዳፋቸው ላይ አፈሰሱ። በአውራ ጣታቸው አንድ ጊዜ ዳበሱት። ከዚያ እንደገና፣ ቀስ ብለው። መዳፋቸው መሃል ነጭ ሆነ። ገለፈቱ በአንድ ወገን፣ ፍሬው በሌላ ወገን።  አንዷን ፍሬ ምላሳቸው ላይ አደረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አኘኳት፣ መዳፋቸውን ለልጆቹ ዘረጉ። ልጆቹም አንድ አንድ ፍሬ አነሱ፤ እንደ ዘምዘም ነው የተቀበሉት።

"እናቴ ሰሊጥ በድንጋይ ስታሽ ኖራ ነው የሞተችው፤" አሉ ሻዊሹ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ዓይኔ እያየ ምን እንዳደረገው አላየሁም።"

እኔም እንዳላየሁ ነገርኋቸው። ወደ ጋላባት የሚሄድ የጭነት መኪና ራሳቸው አስቆሙልኝ። ሾፌሩን ይህ ሰው እንግዳዬ ነው አሉት። የጀሪካኑን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈኑና፣ ይተንፍስ፣ እንዳታንቀው ብለው መከሩኝ። መሐንዲሷ ያልነገረችኝን ሻዊሹ ነገሩኝ።

ቅዳሜ

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ድልድዩን ተሻግሮ ነበር። እትዬ ዘይነብ ገና ስታየኝ ጀርባዬን ዳሰሰችኝ፤ ተገርፏል ብለዋት ነው። ደኅና መሆኔን ካየች በኋላ ጀሪካኑን አሸተተችና፣ ወንድምዓለም፣ ይህን ልታጠጣኝ ነው የታሰርህ አለችኝ።

ወዲያው በማለዳው ዘፈዘፍን። የተረፈው ለአንድ በርሜል ብቻ በቃ። ውሃውን በክርኗ ለካች፣ ሕፃን ስታጥብ እንደምታደርገው፤ የሕፃን ውሃ የምትለውን ግን እኔ አልነገርኋትም ነበር። እኩለ ቀን ላይ ጋሽ ማሩ ከሁለት የታች ሰፈር ሰዎች ጋር መጡ። እኔን ሊጠይቁ ነው ያሉት፤ ዓይናቸው ግን በርሜሉ ላይ ነበር። አልቸኮሉም። ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። እትዬ ዘይነብ ከሠራተኞቿ ጋር በርሜሉን እየዞረች፣ እያየች፣ ክዳኑን እየመለሰች ዋለች። ጋሽ ማሩ፣ ይዘገያል አይደለም እንዴ አሏት።

"ይዘገያል ጋሽ ማሩ። ሶዳው ያቃጥለኝ ነበር፣ ይሄ ያስጠብቀኛል። መጠበቁን እችለዋለሁ።"

ከሰዓት በኋላ እጇን እስከ ክርኗ ባዶውን ከተተች፣ አሸችው፣ ሰሊጡን በነጭ አወጣችው። ሴቶቹ እልል አላሉም፤ ተጠግተው አዩት፣ በጣታቸው ነኩት፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ገለፈቱን አንስታ በሰሌን ላይ አሰጣችው። ቀጥላ የበርሜሉን ውሃ ወደ ቦዩ ለቀቀችው።

ጋሽ ማሩ ተነሱና ውሃውን ተከትለው መሄድ ጀመሩ። እኛም ተነስተን ተከተልናቸው፣ ሠራተኞቹም፣ መንገደኛውም። እጣቢ ከፊት፣ ሽማግሌ ከኋላ፣ ከእሳቸው ኋላ ሰፈሩ በሙሉ። ውሃው ቀለሙ ጠላ ይመስላል እንጂ አልጠቆረም። ወንዙ ዳር ሲደርስ ጋሽ ማሩ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ዘገኑ፣ አሸተቱት፣ በሁለት ጣታቸው ፈተሉት፣ ያንሸራትት እንደሆነ። እትዬ ዘይነብ ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። 

እጃቸውን በልብሳቸው ጠረጉ።

"ዘይነብ ልጄ፣ ጓሮ የዘራኋት ጥቂት ሰሊጥ አለችኝ፤" አሉ። "ስትደርስ አመጣልሻለሁ፣ ወረፋ ያዥልኝ።"